የማን ሠራተኛ ነህ?

ዛሬ አንድ ወጣት ቤቱ ቁጭ ብሎ ውጭ አገር ላለ ድርጅት እሠራለሁ ቢል የሚገረም የለም። እኔ በዚያ መንገድ እንጀራ መብላት ስጀምር ግን ነገሩን ለገዛ እናቴ እንኳ ማስረዳት አቅቶኝ ነበር። ጊዜው የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ነፋስ ስልክ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ሰናይት ከምትባል የነርስነት ተማሪ ጋር ልንጋባ ተስማምተን፣ ሽማግሌ የምልክበትን ጊዜ እያሰብኩ ነበር።

ከዚያ በፊት አንድ የመንግሥት ማተሚያ ቤት ውስጥ የትርጉምና የእርማት ሠራተኛ ነበርኩ። የሠራተኛ ቅነሳ ሲመጣ የእኔም ስም ተለጠፈ። ሥራ ፈትቼ ስንከራተት፣ ወደ ስዊድን የሄደ የቀድሞ ባልደረባዬ እዚያ አነስተኛ የትርጉም ቢሮ ላላት ሴት ስለ እኔ ነገረልኝ። ሴትየዋ ኢንግሪድ ትባላለች። በአካል አይቻት አላውቅም። ከአገራችን ሄደው እዚያ ለሚኖሩ ሰዎች የሚታደሉ መመሪያዎችን እንግሊዝኛቸውን በፋክስ ትልክልኛለች፤ እኔ ወደ አማርኛ መልሼ በኮምፒውተር እጽፍና አትሜ በፋክስ፣ ዲስኬቱን ደግሞ በፖስታ እልካለሁ። የባቡር ትኬት እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ልጅ የት እንደሚመዘገብ፣ ቡናማ ጠርሙስና ነጭ ጠርሙስ ለየብቻ በየትኛው በርሜል እንደሚጣል። ቆራሌው ጠርሙስ እየፈለገ በግቢያችን በር እየጮኸ ሲያልፍ፣ እኔ እውስጥ ጠርሙስ ስለመጣል እተረጉም ነበር።

ኮምፒውተሩንም ፋክሱንም በሰው እጅ የላከችልኝ እሷ ናት። አከራዬ ስልካቸውን ወደ ክፍሌ ቀጥለውልኛል፤ ሒሳቡን ኢንግሪድ ትከፍላለች። ጠዋት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ትደውላለች። «ተቀምጠሃል?» ትላለች። ተቀምጫለሁ እላታለሁ። የዕለቱን ሥራ ትነግረኝና ትዘጋለች። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ቢኖረኝ አስፈቅጃት ነው የምሄደው። ስለዚህ ራሴን የእሷ ሠራተኛ አድርጌ እንጂ ሌላ ነገር አድርጌ አስቤ አላውቅም። ሌላ ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር።

ጎረቤቶቼ ግን ሥራ ፈት ነበር የምመስላቸው። በተለይ ግድግዳ የምንጋራው እትዬ ዘውዴ። እሳቸው አንድ ሳሙና ፋብሪካ በር ላይ ሴት ሠራተኞችን የሚፈትሹ ናቸው። ቀን ሙሉ ቤት መዋሌን ሲያዩ አንጀታቸውን እበላው ነበር። ፋብሪካው ሰው ይፈልጋል የሚል ወሬ በሰሙ ቁጥር በሬን አንኳኩተው፣ ማመልከቻ ስጠኝና ላስገባልህ ይሉኛል። ሥራ አለኝ ስላቸው «እሱማ አዎ» ብለው ያልፉታል፤ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰናይት ዝናብ እንደመታት መጣች። ወንድሟ ሙላቱ በሳሪስ መስመር ሚኒባስ ይነዳል። የረጠበ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲይዝ መኪናው ተንሸራቶበት መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቷል። ሴትየዋ እግሯ ተሰብሮ ሆስፒታል ገብታለች፤ ነፍሷ ግን ተርፋለች። ሙላቱም ደረቱ ከመሪው ጋር ተጋጭቶ እያሳለው ፖሊስ ጣቢያ ተቀምጧል። ዋስ ካገኘ ይወጣል። እስከ ዓርብ ማታ ካላገኘ ግን እስከ ሰኞ እዚያው ነው።

አብረን ወደ ወላጆቿ ቤት ሄድን። ቤታቸው ለቡ ነው፣ ያኔ ገና ግማሹ እርሻ ነበር። አባቷ አቶ ወልዴ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው፤ ጡረተኛ ደግሞ ዋስ መሆን አይችልም ተብሏል። ዘመዶች ተሰብስበው ስም ይጠራሉ፣ ስም ይሰርዛሉ። አንዱ ነጋዴ ነው፣ ፈቃዱ ግን አልታደሰም። ሌላው መምህር ነው፣ ያለው ግን ክፍለ ሀገር ነው። የሚኒባሱ ባለቤት መኪናዬን እንጂ ሌላ አላውቅም ብሏል። ሰናይት አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ያን ጊዜ ነው እኔ እዋሰዋለሁ ያልኩት።

አቶ ወልዴ ቀና ብለው አዩኝ። «ቋሚ ሥራ አለህ?»

«አለኝ አባባ።»

«የማን ሠራተኛ ነህ?»

የውጭ ድርጅት ሠራተኛ ነኝ አልኳቸው። ቤቱ ተነፈሰ። የሰናይት እናት ተነስተው ትከሻዬን ሳሙኝ። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት አማች የሆንኩ መሰለኝ፤ ደስ አለኝ።

ጣቢያው ውስጥ ጉዳዩን የያዘው አንድ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሰው የማያመናጭቅ። መታወቂያዬን አየና፣ ቋሚ ሠራተኛ መሆኔንና ደሞዜን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቴ አጽፌ እንድመጣ ነገረኝ። መሥሪያ ቤቴ ስዊድን ነው አልኩት። ቅርንጫፉ የት እንደሆነ ጠየቀኝ። ቅርንጫፍ የለውም፣ የምሠራው ቤቴ ነው አልኩ። አለቃህስ አለኝ፤ እሷም ስዊድን ናት አልኩት። የሥራ ሰዓት የሚቆጣጠርህ ማነው ሲለኝ፣ በስልክ ነው አልኩ። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ፣ ከየትም ይምጣ፣ ሠራተኛችን ነው የሚል ደብዳቤ ማኅተም ተደርጎበት ካየሁ እቀበላለሁ አለኝ። ቀላል መሰለኝ።

ቤቴ ሮጬ ለኢንግሪድ ፋክስ ጻፍኩ። የሆነውን ሁሉ ነግሬ፣ ሠራተኛዋ መሆኔን የሚገልጽ አንድ ገጽ ብቻ ለመንኩ። አመሻሹ ላይ መልሱ ወጣ። በሙላቱ አደጋ ማዘኗን፣ የተጎዳችው ሴት እንድትድን መመኘቷን ጽፋለች። ቀጥሎ ያለውን ግን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። እኔ የእሷ ተቀጣሪ አይደለሁም። ራሴን የቻልኩ ኮንትራክተር ነኝ። ስለዚህ የጠየቅኩትን ደብዳቤ ልትጽፍ አትችልም።

በመጀመሪያ የተሳሳተ ወረቀት የላከች መሰለኝ። ከዚያ መዝገበ ቃላቴን አወጣሁ። ቃሉ ሥር ያለው «ተቋራጭ፤ ሥራ ተቋራጭ» ይላል። በእኛ አገር ሥራ ተቋራጭ ማለት ሲሚንቶና አሸዋ የሚያራግፍ፣ መንገድና ሕንፃ የሚሠራ ሰው ነው። እኔ ካለችኝ አንድ ወንበር በቀር ምንም አልነበረኝም። የሰው ወረቀት ስተረጉም የኖርኩ ሰው የገዛ ራሴን ስም መተርጎም አቃተኝ።

ደወልኩላት። ራሴ ስደውልላት ያ የመጀመሪያዬ ነው። እንግሊዝኛ አንተና እርስዎ አይለይም፤ እኔ ግን በልቤ ሁልጊዜ እርስዎ እያልኩ ነበር የማናግራት፤ አለቃዬ ናትና። ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ተቀጣሪዬ ነው ብላ ብትጽፍ ለጡረታዬ፣ ለሕመም ፈቃዴ፣ ለግብሬ ኃላፊ ትሆናለች፤ ያውም በማታውቀው አገር ሕግ። እንዴት እንደሚደረግ አታውቅም። ሳታደርገው አድርጌዋለሁ ብላ ለፖሊስ መጻፍ ደግሞ ውሸት ነው።

«ታዲያ በየጠዋቱ ተቀምጠሃል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ለምንድን ነው?» አልኳት።

መስመሩ ላይ የሚንሿሿ ድምፅ ብቻ ቀረ። የተቋረጠ መሰለኝ።

«አላውቅም» አለች በመጨረሻ። «እስከ ዛሬ አላሰብኩበትም።»

ከዚያ እውነቱን ብቻ ጽፌ እልክልሃለሁ አለችኝ። ዘጋን። እኔም ስልኩን ይዤ ቆምኩ። ተቆጥቼ እንደሆነ፣ አፍሬ እንደሆነ፣ ወይስ የተባረርኩ እንደሆነ አልለይ አለኝ። ሴትየዋ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ክፉ አልነበረችም። የተናገረችው ሁሉ እውነት ነው፤ እኔም የተናገርኩት እውነት ነው። ሁለቱ እውነቶች ግን አንድ ላይ አልቆም አሉ።

ዓርብ ጠዋት ደብዳቤው ወጣ። ታማኝና ጎበዝ መሆኔን፣ ከሁለት ዓመት በላይ አብረን መሥራታችንን፣ ራሴን የቻልኩ ኮንትራክተር መሆኔን ይናገራል። ማኅተም የለውም፤ በእነሱ አገር ለእንዲህ ያለ ደብዳቤ ማኅተም አያደርጉም። ወደ አማርኛ መለስኩት። ያቺን ቃል እንዳለች ተውኳት።

ሃምሳ አለቃው አነበበና ፊቱ በራ። «ኮንትራክተር ነህ እንዴ? የት ነው የምትገነባው?»

አልገነባም አልኩት። ወረቀት ነው የምሠራው። እንግዲያው ነጋዴ ከሆንክ ንግድ ፈቃድህ ይበቃል፣ እሱን አምጣ አለኝ። ንግድ ፈቃድ የለኝም። ደብዳቤውን እንደገና አነበበው፤ አገላብጦ ጀርባውንም አየው። ማኅተሙን እየፈለገ መሆኑ ገባኝ።

«ወንድሜ፣ ተቀጣሪ አይደለህም። ነጋዴም አይደለህም» አለኝ። «የትኛው ላይ ልጻፍህ?»

እያሾፈብኝ አልነበረም። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ከእሱ ጀርባ፣ ከውስጥ በኩል የሙላቱ ሳል ይሰማ ነበር።

ውጭ አቶ ወልዴ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰናይትን አጠገባቸው አስቀምጠው ይጠብቁኛል። ሳይጠይቁኝ እኔው ነገርኳቸው። ሥራ አለኝ ማለቴ ውሸት እንዳልነበር ለማስረዳት ስለ ፋክሱ፣ ስለ ኮምፒውተሩ፣ ስለ ጠዋቱ ስልክ ብዙ ተናገርኩ። ሳስረዳቸው ነገሩ ለራሴም እየራቀኝ ሄደ። ሰናይት መሬት መሬት ታያለች።

«ውሸታም እንዳልሆንክ አውቃለሁ» አሉኝ አቶ ወልዴ። «ግን ልጄ፣ ነገ ብትታመም፣ ልጅ ብትወልዱ፣ አንድ ነገር ብትሆን፣ እኛ ማንን ነው የምንጠይቀው?»

ሌላ ዋስ ልፈልግ ብዬ ተነሳሁ። ማንን እንደምፈልግ ግን አላውቅም። ወደ ቤቴ የሄድኩት እግሬ የለመደው መንገድ ስለሆነ ብቻ ነው።

እትዬ ዘውዴ የጠዋት ተራቸውን ጨርሰው ግቢው ውስጥ ልብስ ያሰጣሉ። ምን ሆነሃል ሲሉኝ እንደ ልጅ ዘከዘክሁላቸው። ስዊድኑም፣ ኮንትራክተሩም አልገባቸውም፤ እንዲገባቸውም አልሞከሩም። የጠየቁኝ ልጁ የሚጠፋ ዓይነት እንደሆነ ብቻ ነው። አይጠፋም አልኳቸው። ቀሪውን ልብስ ገመዱ ላይ ጣል ጣል አደረጉና ነጠላቸውን አነሱ።

የሚያስቡት ሲገባኝ ደነገጥኩ። ልጁ ቢጠፋ የዋስትናው ገንዘብ ከእሳቸው ደሞዝ ነው የሚቆረጠው። አይሆንም እትዬ፣ ልጁን እንኳ አያውቁትም አልኳቸው።

«አንተን አውቅህ የለ? ከቤቱ የማይወጣ ሰው ወዴት ይጠፋብኛል?» አሉኝ።

አብረን ወደ ፋብሪካው ሄድን። የአስተዳደሩ ጸሐፊ ደብዳቤውን ጻፈችላቸው፤ አለቃው ፈረመበት፤ ክቡ ማኅተም ተመታበት። ቋሚ ሠራተኛ፣ የሥራ መደብ ፈታሽ። ጣቢያ ስንደርስ ሃምሳ አለቃው አንድ ጊዜ አየውና መዝገቡን ከፈተ። ከእሳቸው የጠየቀው ነገር የለም። እትዬ ዘውዴ ፈረሙ። የእኔ የወር ገቢ ያኔ ከእሳቸው ብዙ እጥፍ ነበር። አጠገባቸው ቆሜ ሲፈርሙ አየሁ፤ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ሙላቱ ደረቱን ይዞ ወጣ። አቶ ወልዴ ልጃቸውን ከማቀፋቸው በፊት ዝቅ ብለው የእትዬ ዘውዴን ጉልበት ሊስሙ ሲሉ፣ እሳቸው «ኧረ በስማም» ብለው ክንዳቸውን ይዘው አስቀሯቸው። እኔን ማንም ምንም አላለኝም። ሰናይት ታክሲ ውስጥ ስትገባ ዞር ብላ አየችኝ። የአዘኔታ ይሁን የሌላ፣ ያን አስተያየት እስከ ሰኞ ሳሰላስለው ቆየሁ።

ሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው ተነስቼ፣ ተጣጥቤ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ሰዓት ሆነ። ስልኩ አልጮኸም። መነጋገሪያውን አንስቼ መስመር መኖሩን አረጋገጥኩ፤ አለ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ለሁለት ዓመት ሲሰለቸኝ የኖረ ስልክ ዝም ሲል ጆሮዬ ይጮህ ጀመር። ማክሰኞም አልደወለችም። ረቡዕም። ተባርሬ ነው? ተቀጣሪ ያልሆነ ሰውስ ይባረራል? ልደውልላት ብል ደግሞ እንደማትፈልገኝ ከአፏ እንዳልሰማ ፈራሁ። ከቀደመው ሳምንት የቀረ ሥራ ነበረኝና እሱን ስሠራ ዋልኩ፤ ለማን እንደምሠራው ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

የሳምንቱ አጋማሽ ካለፈ በኋላ ፋክሱ ተንቀሳቀሰ። ኢንግሪድ አንድ የሕግ ሰው አማክራ ነበር። ሲቀመጥና ሲነሳ መጠየቅ መብትሽ አይደለም ብሏታል። ከእንግዲህ እንደማትደውል፣ ሥራው መቼ እንደሚያልቅ ብቻ እንድነግራት ጻፈች። ኮምፒውተሩና ፋክሱ የእኔ ይሁኑ ብላለች። ለሌላም ሰው መሥራት እችላለሁ። ያለዚያ እንደ ተቀጣሪ ልሁን ካልኩ መንገዱን ትፈልጋለች፤ ግን ጊዜ ይወስዳል፣ ክፍያዬም ይቀንሳል። የምትመርጠውን ንገረኝ ይላል መጨረሻው።

በሕይወቴ ሰው ምረጥ ብሎኝ አያውቅም። ማተሚያ ቤቱ ሲቀጥረኝ ተመደብክ ነው ያለኝ፤ ሲያሰናብተኝም ስሜን ለጠፈ። ወረቀቱን ይዤ ሰናይት ወደምትማርበት ሄድኩ። እንዳኮረፍኩ መስሏት ሰንብታለች፤ እኔም እንደተወችኝ። አነበበችው። የትኛውን ትፈልጋለህ ስትለኝ አላውቅም አልኳት። ሁለተኛውን ብመርጥ አባቷ ደስ ይላቸዋል አልኩ። አባቷ የጠየቁት ስለ ደብዳቤ እንዳልሆነ፣ ችግር ሲመጣ ማን አጠገባችን እንደሚቆም መሆኑን ነገረችኝ። እሱንማ አየነው አለች። እትዬ ዘውዴን ማለቷ ነው።

ንግድ ፈቃድ አወጣሁ። ሳወጣም ጸሐፊው የሥራዬን ዘርፍ ከየት እንደሚያስገባው ጨንቆት፣ ከጽሕፈት መኪና አገልግሎት ጋር አስጠጋኝ። ከኢንግሪድ ሥራ ጎን ለጎን ከሌሎችም መቀበል ጀመርኩ፤ ውሎ አድሮ ሳሪስ ትንሽ ቢሮ ከፈትኩ። የተጎዳችው ሴት እግሯ ድኖ፣ የሙላቱም ጉዳይ በፍርድ ቤት አልቆ፣ የእትዬ ዘውዴ ዋስትና ወረደ። ሽማግሌ የላክኩ ዕለት ካስቀደምኳቸው አንዷ እሳቸው ነበሩ። ሴት ሽማግሌ ሆና ትሄዳለች ወይ ያሉ ነበሩ፤ አቶ ወልዴ ግን በሩ ድረስ ወጥተው ተቀበሏቸው።

አንባቢዎቼ፣ ይህን የምጽፈው ዛሬ ብዙዎቻችሁ ያኔ እኔ የነበርኩበት ወንበር ላይ ስላላችሁ ነው። ፊቱን ያላያችሁት ሰው ከባሕር ማዶ ሥራ ይልክላችኋል። እኔም አሁን ናይሮቢ ለሚኖር አንድ የትግርኛ ተርጓሚ ሥራ እልካለሁ። በመጀመሪያው ቀን ተቀጣሪዬ አይደለህም፣ ዋስ ብትሆን ደብዳቤ ልጽፍልህ አልችልም ብዬ ነገርኩት። ሰውዬው ሳቀ፤ እንዲህ ያለ የሥራ ስምምነት ሰምቶ አያውቅም። ግን ለእሱም ቢሆን ትክክለኛውን እያደረግኩ መሆኔን እርግጠኛ አይደለሁም። ቢታመም ምን አደርጋለሁ? ሕጉ ምንም አታድርግ ይለኛል። እኔ ደግሞ አቶ ወልዴ በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ የጠየቁኝን ሰምቻለሁ። ስለዚህ ቁርጡን ንገረን ብትሉኝ የለኝም። የምላችሁ፣ ችግር ሳይመጣ በፊት ጠይቁ፤ ሥራ የምትሰጡም ሳትጠየቁ ተናገሩ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ግድግዳ የሚጋራችሁን ሰው እወቁት።

ጋብቻችንን ለማስመዝገብ ማዘጋጃ ቤት የሄድን ዕለት፣ መዝጋቢዋ ስሜን፣ ዕድሜዬን፣ አድራሻዬን ጽፋ «ሥራ?» አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። ተርጓሚ ልበል፣ ነጋዴ ልበል፣ የግል ልበል፣ ስንቱን አሰብኩ። መዝጋቢዋ እስክሪብቶዋን አንስታ ትጠብቃለች። ከኋላችን ሌሎች ሙሽሮች ተሰልፈዋል።

ሰናይት እኔን አልፋ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለችና፣ «ይሠራል በይው» አለቻት።

መዝጋቢዋ ሳቅ አለችና አንድ ነገር ጻፈች። ምን ብላ እንደጻፈች እስከ ዛሬ አላየሁም።